«እኔ አልቆረጥኩም፤ ገዛሁ እንጂ»

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ)

 

ሰሞኑን ከጅማ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። የላኩልን በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩ፣ አራት ሠራተኞች የሚያሠሩ አንድ አባታችን ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ አንጠቅስም። ደብዳቤው ረጅም ነውና ፍሬ ነገሩን ብቻ እናካፍላችሁ። ለሁለት ሙሽሮች አልጋና ቁም ሣጥን ታዘዋል፤ ቀብድ ተቀብለዋል፤ የኒካሑም ቀን ተቆርጧል። ጣውላ ግን ከገበያ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ አንድ ሌሊት አንድ አይሱዙ መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። የጫነው ደህና የወንዛ ጣውላ ነው። ዋጋው ከገበያው በሲሶ ይቀንሳል። ሾፌሩ «ወረቀቱስ?» ሲባል ሳቀ። «ከየት ነው የመጣው?» ሲባልም «ከታች» ብሎ ዝም አለ። አባታችን ገዙ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ጣውላው ከጓሮ እንደተከመረ ነው፤ እርሳቸውም እንቅልፍ አጥተዋል።

ጥያቄያቸው አጭር ነው። «እኔ ዛፍ አልቆረጥኩም፤ ገዛሁ እንጂ። የገዛሁበትም ገንዘብ የላቤ ነው። ታዲያ በዚህ እጠየቃለሁን?»

የሸሪዓውን ብይን ለዓሊሞቻችን እንተወዋለን። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ሐራም መሆኑን ከመካከላችን በልጅነቱ ያልተማረ ያለ አይመስለንም፤ አባታችንም እንቅልፍ የነሳቸው እርሱው ይመስለናል። እኛ ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው የዓለም ሕግ ይህንኑ ጥያቄ እንዴት እንዳስተናገደው ነው። ምክንያቱም «አልቆረጥኩም፤ ገዛሁ እንጂ» የምትለዋ ቃል ከጅማው የእንጨት ቤት አልፋ ከውቅያኖስ ማዶ ባሉ ትላልቅ ነጋዴዎች አፍም ለረጅም ዘመን ስትነገር የኖረች ናት። ሕግም ለረጅም ዘመን ተቀብሏታል።

የደን ሕግ ድሮ የሚያውቀው ባለመጥረቢያውን ነው። በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ወንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ወንዛነቱም ባለቤቱም ይታወቃል። ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ አልጋ ከሆነ በኋላ ግን ማን ይለየዋል? የደን ጠባቂው አንድ ገበሬ ይዞ ሲያስር ጣውላው ሦስት ኬላ አልፎ ከተማ ገብቷል። ድንበር ሲሻገር ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። ከአንድ አገር ደን የተሰረቀ ግንድ የዚያን አገር የባሕር ክልል ካለፈ፣ በሚራገፍበት ወደብ ቀረጡ ተከፍሎለት እንደማንኛውም ሕጋዊ ዕቃ ይሸጥ ነበር። የገዢው አገር ፖሊስ የሌላን አገር የደን አዋጅ ሊያስከብር አይገደድም።

ይህ ምን እንዳስከተለ ለማየት በሙስሊም ሕዝብ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ ወደ ሆነችው ኢንዶኔዥያ እንሂድ። በምሥራቃዊ ዳርቻዋ ፓፑዋ የሚባል፣ ሰፊ ደን ያለው ክልል አለ። በዚያ ደን ሜርባው የተባለ፣ ቀላ ያለ፣ ለወለል ንጣፍ የሚፈለግ ጠንካራ እንጨት ይበቅላል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ግንድ እንዳለ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ መቀመጫው ለንደን የሆነ አንድ የአካባቢ ጉዳይ መርማሪ ድርጅት፣ ቴላፓክ ከተባለው የኢንዶኔዥያ ማኅበር ጋር ሆኖ ባወጣው ሪፖርት በየወሩ 300,000 ሜትር ኩብ የሚሆን የሜርባው ግንድ ከፓፑዋ በኮንትሮባንድ ወደ ቻይና እንደሚጫን አጋለጠ። በወር ነው ያልነው፤ በዓመት አይደለም። የደኑ ባለቤት የሆነው የአካባቢው ሕዝብ በሜትር ኩብ የሚደርሰው 10 ዶላር ገደማ ሲሆን ያው ግንድ ቻይና ሲደርስ እስከ 270 ዶላር ያወጣ ነበር። በመካከል ያለውን ማን እንደበላው ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ወረቀት የሚፈርመው፣ መርከብ የሚያከራየው፣ ኬላ ላይ ዓይኑን የሚጨፍነው ሁሉ ተካፍሎታል።

ፕሬዚዳንት ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ በዚያው ዓመት ጥብቅ መመሪያ አውጥተው የፖሊስና የጦር ኃይል ዘመቻ አዘመቱ። ብዙ ሰው ታሰረ። ዳሩ ግን ከታሰሩት የሚበዙት መጋዝ ያዦችና ሾፌሮች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በዚያው በፓፑዋ አንድ ተራ ፖሊስ ተያዘ። ደመወዙ የተራ ፖሊስ ነው፤ በባንክ ሂሳቦቹ የተዘዋወረው ገንዘብ ግን 1.5 ትሪሊዮን ሩፒያ ሆኖ ተገኘ! ከእንጨትና ከነዳጅ ኮንትሮባንድ ነው ተባለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ፈረደበት፤ ጉዳዩ በይግባኝ እየወጣ ሄዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሥራ አምስት ዓመት አደረገው። እንግዲህ ጠባቂው ራሱ ነጋዴ ከሆነ ደን በጠባቂ ብቻ አይጠበቅም ማለት ነው።

ነገሩን የለወጠው ገዢውን የጠየቀ ሕግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የሌሲ ሕግ የሚባል አላት፤ ስሙን ያገኘው ሐሳቡን ካቀረቡት የአዮዋ የምክር ቤት አባል ከጆን ሌሲ ነው። ሲወጣ በሕገወጥ መንገድ የታደኑ ወፎችንና አራዊትን ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ይዞ መነገድን የሚከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ግን ሕጉ ተሻሽሎ እንጨትንና ከእንጨት የሚሠራውን ሁሉ አቀፈ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ እንጨት በበቀለበት አገር ሕግ ተጥሶ የተቆረጠ ወይም የወጣ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ማስገባቱም፣ መግዛቱም፣ መሸጡም ወንጀል ነው። የማዳጋስካር ወይም የኢንዶኔዥያ አዋጅ ከግንዱ ጋር ተጭኖ አሜሪካ ድረስ ይሄዳል እንደማለት ነው። አስመጪውም የዛፉን ዓይነትና የተቆረጠበትን አገር ጽፎ እንዲያስታውቅ ተደርጓል።

ሕጉ ገዢዎችን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። እያወቀ የገዛ በከባድ ወንጀል ይጠየቃል። ያላወቀ ግን መጠርጠር የሚገባው የነበረ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል እንጂ አያመልጥም። ፈጽሞ ያላወቀ፣ የሚችለውንም ያህል የተጠነቀቀ ሰው አይቀጣም፤ እንጨቱ ግን ይወረሳል፤ የተሰረቀ ዕቃ ነውና። የጅማው አባታችን እዚህ ላይ ጆሯቸውን ሰጥተው ቢያዳምጡን ደስ ይለናል። የዋጋው መርከስ፣ የሌሊት ጭነት፣ የወረቀቱ አለመኖርና ያቺ «ከታች» የምትለው መልስ እያንዳንዳቸው «መጠርጠር ይገባው ነበር» የሚያሰኙ ናቸው።

ሕጉ ለይስሙላ አለመሆኑ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ጊብሰን የተባለው ስመ ጥር የጊታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በመርማሪዎች ተፈተሸ፤ ከማዳጋስካር የመጣ ዞጲ ተገኘበት። ማዳጋስካር ይህን እንጨት ሳይለፋ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር፤ ኩባንያውም ነገሩ እየተነገረው ማዘዙን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2012 በስምምነት 300,000 ዶላር ቅጣት ከፈለ፤ እንጨቱም ተወረሰ። በጊዜው በአሜሪካ ፖለቲከኞች ዘንድ «ለአንድ ቁራጭ እንጨት የታጠቀ ፖሊስ ይላካል ወይ!» የሚል ትልቅ ጩኸት ተነሥቶ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ሁለተኛው ነው። ላምበር ሊኩዊዴተርስ የሚባል የወለል ንጣፍ ቸርቻሪ በቻይና የተሠራ የኦክ ንጣፍ ያስመጣ ነበር። እንጨቱ የተቆረጠው ነብርና ግስላ ከሚጠለልበት ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ደን ነው። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ግን «የዌልስ ኦክ» እየተባለ ይሞላ ነበር። ሌላም ጉድ አለ። ከተያዙት ጭነቶች አንዳንዶቹ እውነተኛ የሩሲያ የመቁረጫ ፈቃድ ነበራቸው። ሐሰተኛ አይደለም፣ ማኅተም ያለው ነው። ነገር ግን ያ አንድ ፈቃድ ተደጋግሞ ከመቅረቡ የተነሣ በእርሱ ስም የገባው ኦክ ፈቃዱ ከሚፈቅደው መጠን ከ800 በመቶ በላይ በልጦ ተገኘ። ወረቀቱ እውነት፣ እንጨቱ ውሸት! ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በጠቅላላው 13.15 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት።

አውሮፓም ተከተለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ከመጋቢት 2013 ጀምሮ የጸናው ደንብ፣ ሕገወጥ እንጨት ገበያ ላይ ማዋልን ከመከልከሉም በላይ ነጋዴውን አስቀድሞ የማጣራት ግዴታ ጣለበት፤ ሲያዝ ብቻ ሳይሆን ሳይያዝም «ከየት አመጣኸው?» ለሚለው መልስ በእጁ ሊኖረው ይገባል። አውስትራሊያ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በየፊናቸው የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ቻይና እንኳ፣ ያ ሁሉ ሜርባው ይራገፍባት የነበረችው፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በጸናው የደን ሕጓ ሕገወጥ መሆኑን እያወቁ እንጨት መግዛትን፣ ማጓጓዝንና መሰንጠቅን ከልክላለች።

ታዲያ ኢንዶኔዥያስ ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. በ2009 እያንዳንዱ ግንድ ከጉቶው እስከ ወደቡ በቁጥር የሚከታተልበት የማረጋገጫ ሥርዓት ዘረጋች። ነጻ ኦዲተሮች ይመረምራሉ። ከእነርሱም በላይ የአካባቢው ማኅበራት ኦዲተሮቹን ራሳቸውን የመከታተል መብት ተሰጣቸው። ከአውሮፓ ጋርም ስምምነት ተፈርሞ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 15 ቀን 2016 ጀምሮ የኢንዶኔዥያ ፈቃድ የያዘ እንጨት ሌላ ማጣራት ሳያስፈልገው አውሮፓ እንዲገባ ተደረገ። በዓለም ይህን በማግኘት የመጀመሪያዋ አገር ናት። የአገሪቱ የዑለማእ ምክር ቤትም ዝም አላለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደን ማቃጠል ሐራም መሆኑን የሚገልጽ ፈትዋ አውጥቷል፤ የ2023ቱ ፈትዋ ደግሞ የደን ጭፍጨፋን ጨምሯል።

ሁሉም ነገር ግን ማርና ወተት ሆነ ልንላችሁ አንችልም። በማዕከላዊ ጃቫ ጄፓራ የምትባል ከተማ አለች፤ ሕዝቧ ከአባት ከአያት እንጨት ጠርቦ የሚያድር ነው፤ የእኛን ጅማ ታስታውሳለች። ትላልቅ ፋብሪካዎች የምስክር ወረቀቱን በቀላሉ አገኙ። ሦስት አራት ሠራተኛ ያለው የጄፓራ ጠራቢ ግን የኦዲተሩ ክፍያ የወር ገቢውን የሚበላ ሆነበት። በማኅበር ተደራጅቶ በአንድነት ማስመርመር የሚቻልበት መንገድ ቢከፈትም ቅሬታው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የንግድ ሚኒስቴሩ ላኪዎችን ላግዝ ብሎ የማረጋገጫውን ግዴታ በአንድ ደንብ አነሣው፤ ጩኸት በዛና በጥቂት ወራት ውስጥ ደንቡ ተሻረ። ለእኛ የሚታየን ድንጋጌው ትክክል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ትከሻ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ትልቁ ነጋዴ ኦዲተር ይቀጥራል፤ ትንሹ ሥራውን ይዘጋል።

ከሩቅ ምሥራቅ እንመለስና ከቤታችን አጠገብ ያለውን እንይ። በሶማሊያ ገሎል የሚባለው ግራር ለዘመናት የከብት ጥላና መኖ ነበር። መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ይህ ዛፍ በጅምላ እየተቆረጠ ከሰል ሆነ፤ ከሰሉም በጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጫን ጀመር። «ጥቁር ወርቅ» አሉት። ይህን ከተቃወሙት አንዷ ፋጡማ ጅብሪል የተባለች ሶማሊያዊት እናት ናት። እርሷና ያቋቋመችው ድርጅት ባደረጉት ቅስቀሳ የፑንትላንድ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2000 ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፤ በ2002ም የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት። ጦር የላት፣ ሥልጣን የላት፣ የተናገረችው ለዘላን ሕዝቧ በቋንቋው ነው። በደቡብ በኩል ግን ንግዱ ቀጠለ፤ አል ሸባብም ዋና የገቢ ምንጩ አደረገው። በመሆኑም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2036 የሶማሊያ ከሰል እንዳይወጣ ብቻ ሳይሆን ማንም አገር እንዳያስገባም ከለከለ። እዚህም ላይ ገዢው ተጠየቀ ማለት ነው።

የኪስማዮ ወደብ በዚያው ዓመት ከአል ሸባብ እጅ ሲወጣ ንግዱ ያበቃል ተብሎ ነበር፤ አላበቃም። አዲሶቹ የወደቡ ባለቤቶችም ከሰሉን ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2018 የመንግሥታቱ ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ባቀረበው ሪፖርት አል ሸባብ ከከሰል በሚሰበስበው ቀረጥ ቢያንስ 7.5 ሚሊዮን ዶላር በዓመት ያገኝ እንደነበር ተገልጿል። ከሰሉ ከኮሞሮስ ወይም ከጋና የመጣ ነው በሚል ሐሰተኛ ወረቀት ኢራን ይገባ ነበር፤ እዚያ ከረጢት ይቀየርለትና «የኢራን ምርት» ተብሎ ዱባይ ይሸጥ ነበር። ከሰሉ ሥጋ ይጠበስበት፣ ሺሻ ይጨስበት ነበር። በዚያ ለእንጀራ የተሰደዳችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ በአሠሪዎቻችሁ ግቢ ያን ነጭ ከረጢት ሳትከፍቱት አልቀራችሁም። ማን ይነግራችኋል? በረመዷን ማታ ይፋም የነበረው ፍም የጎረቤታችን ዘላን የከብቱ ጥላ እንደነበረ ከፍሙ ላይ አልተጻፈበትም።

የጅማው ደብዳቤ ደርሶን ሳለ ሌላም ነገር ትዝ አለን። አውሮፓውያን የእንጨቱን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሰፊ ደንብ እንዲተካ ወስነዋል፤ ይኸኛው ከእንጨት ሌላ ቡናን፣ ካካዎንና ሌሎችንም ይጨምራል። ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና አውሮፓ አይገባም፤ ቡናው የበቀለበት ማሳም በካርታ ላይ መታየት አለበት። የሚጸናበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል፤ መጨረሻ የተገፋው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ነው። ስለዚህ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ለጣውላ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ከዝግባና ከወንዛ ጥላ ሥር ቡና ለሚለቅመው የጅማና የኢሉባቦር ገበሬም እየመጣ ነው። በጄፓራ ጠራቢ የደረሰው እንዳይደርስበት የማሳውን መለኪያ ወጪ ማን እንደሚሸፍንለት ከአሁኑ መነጋገር ይገባል። ይህን ግን በሌላ ዝግጅት እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።

አሁን ወደ አባታችን እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግለሰብንና የማኅበረሰብን ደን ከመንግሥት ደን ለይቶ አውቋል። ስለዚህ ወንዛ ሁሉ ስርቆት አይደለም። ገበሬ በማሳው ተክሎ ያሳደገውን ወንዛ ለልጁ ሠርግ ወይም ለሕክምና ሊሸጥ መብቱ ነው። በመኪና ሲጫን ግን የመጣበትን የሚገልጽ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ያ ወረቀት የተበጀው ይህንን ገበሬ ከዚያ ሌሊት ነጋዴ ለመለየት ነው። እርስዎ ወረቀት ሳይጠይቁ ሲገዙ ከደኑ በተጨማሪ የሚጎዱት ይህን ገበሬ ነው፤ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቀኑን አቃጥሎ፣ ቀረጡን ከፍሎ የሚመጣው እርሱ በሲሶ ከወረደ ዋጋ ጋር ሊፎካከር አይችልም። ጣውላ ከገበያ ጠፋ ያሉትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።

«ሌላው ሁሉ ይገዛ የለም ወይ?» ብለው ጽፈዋል። አዎ፣ ይገዛል። ጎረቤትዎ ሲገዛ እርስዎ ካልገዙ አልጋዎ ይወደድና ሙሽራው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በምክር ብቻ የሚቃለልም አይመስለንም። በከተማችሁ የምትገኙ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ተሰባስባችሁ ፈቃድ ካለው ማኅበር ወይም የራሱን ዛፍ ከሚሸጥ ገበሬ በጅምላ ብትገዙ ዋጋው ሊቀልል ይችላል፤ የጄፓራ ሰዎች የሞከሩት ይህን መሰል ነገር ነው። ወረዳው የጭነት ፈቃድ የሚሰጥበትን ጊዜ እንዲያሳጥርም በጋራ መጠየቅ ይቻላል። ፈቃድ ለማውጣት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ የሌሊቱ አይሱዙ ምንጊዜም ያሸንፋል።

ከጓሮ ስለተከመረው ጣውላ ግን በሬዲዮ የምንፈርደው ነገር የለም። ከከተማችሁ ዓሊም ዘንድ ቀርበው ይጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ደን ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ነገሩን እንዳለ ያስረዱ። ጣውላው ሊወረስ ይችላል፤ ይህን አንደብቅዎትም። የሙሽሮቹ ቀን ደርሷልና ለቤተሰባቸውም ከአሁኑ ቢነግሩ ይሻላል። የሆነውን ቢጽፉልን በዚሁ ዝግጅት እናነበዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።